አንዲት ብረት ተሰብራ ወንዝ ሲጎድል፦ የማዲሰን ወንዝ ጉዳይ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ኅዳር 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ኅዳር ጽዮን ነበር። በዚያ ሰሞን እኛ ጋ ስለ ዓሣ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ጦርነቱ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ደርሷል። ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተጨናንቃለች። ሁሉም ጆሮው ወሬ ላይ ነው። በዚያው ቀን፣ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ገና ሳይነጋ፣ ሄብገን በሚባል ግድብ ላይ የውሃ መልቀቂያው በር አንድ ዕቃ ተሰበረ። ማዲሰን የሚባለው ወንዝ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ጎደለ።

ትልቅ አደጋ አልነበረም። ሰው አልሞተም፣ ግድቡም አልፈረሰም። ሁለት ቀን ገደማ ቆይቶ ተጠገነ። ለጥናት የሚመቸው ግን እንዲህ ያለው ነው። ግድብ ሲፈርስ ሁሉም ነገር አብሮ ስለሚጠፋ ከምን የተነሳ ምን እንደሞተ መለየት ያስቸግራል። እዚህ ግን የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚለቀቀው ውሃ። በኛም ዞን ለመስኖ የሚሠራው ትንንሽ ግድብ እየበዛ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

ግድቡና ዓሣው

ማዲሰን የሚነሳው ከየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወደ ሰሜን ወርዶ ከሌሎች ሁለት ወንዞች ጋር ሲገናኝ ሚዙሪ የተባለውን ትልቅ ወንዝ ይሠራል። ሄብገን ከላይኛው ጫፉ ላይ ያለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአፈር ግድብ ነው። ራሱ መብራት አያመነጭም። ሥራው ውሃ አጠራቅሞ ታች ላሉት ማመንጫዎች በልክ በልክ መልቀቅ ነው። የሚያስተዳድረው ኖርዝዌስተርን ኢነርጂ የተባለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው።

ይህ ግድብ በቀላሉ የሚበገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1959 ሌሊት በሬክተር መለኪያ ከ7 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አጠገቡ ተነሳ። ተራራ ተንዶ ወንዙን ዘጋው፣ 28 ሰዎች ሞቱ። ከግድቡ በታች ዛሬ «የመንቀጥቀጥ ሐይቅ» የሚሉት አዲስ ሐይቅ ተፈጠረ። የሄብገን ውሃ እየተናወጠ በግድቡ አናት ላይ ፈሰሰ። ግድቡ ግን ቆመ። ያንን ሁሉ የቻለ ግድብ ከ62 ዓመት በኋላ በበሩ ዘንግ ላይ ባለች አንዲት ብረት ወንዙን አስጨነቀ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም የጠየቅነው «የከሰም ግድብ ይችለዋል ወይ?» ብለን ነበር። ከሰም ከኛው ደጋ ተነስቶ አፋር የሚወርድ ወንዝ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ በሩ ግን አንድም ሰው ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ወደ ዓሣው እንምጣ። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። በኛም አገር አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል፣ እስከ ዛሬም ዲንሾ አካባቢ ይያዛል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ይሞታል። ምክንያቱ ኦክስጅን ነው፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ከሥሩ ቀዝቃዛ ውሃ የሚለቅ ግድብ ለትራውት በጎ ነገር ነው። አንዳንዱ ታዋቂ የትራውት ወንዝ እንዲያውም ግድብ የፈጠረው ነው። የግድብ ነገር ሲነሳ «ግድብ ጠላት ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ይህንን አላየም ማለት ነው።

ማዲሰን ውስጥ በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቡናማ ትራውት ነው፤ እሱም ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ነው። ሌላው ቀስተ ደመና ትራውት ይባላል። ቀስተ ደመናው እንቁላሉን የሚጥለው በፀደይ ነው። ቡናማው ግን በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ነው። ሴቷ ጥልቀት የሌለው፣ ውሃው ሽው የሚልበት፣ ጠጠር ያለው ቦታ ትመርጣለች። በጭራዋ ጠጠሩን ትቆፍራለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ መልሳ በጠጠር ትሸፍነዋለች። እንቁላሉ ክረምታቸውን ሙሉ እዚያው ይቆያል። በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውሃ ኦክስጅን ያመጣለታል፣ ቆሻሻውን ይወስድለታል። ውሃው ከቆመ እንቁላሉ ይታፈናል።

እንግዲህ በሩ የተሰበረው በዚህ ሰዓት ነው። እናቶቹ ጥለው ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉ።

ምን ሆነ?

ከመሰበሩ በፊት ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ በሴኮንድ 648 ኪዩቢክ ፉት ነበር። በኛ መለኪያ ወደ 18 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ከተሰበረ በኋላ 248 ሆነ፤ ወደ 7 ኪዩቢክ ሜትር። ከመቶ 62 እጁ በአንድ ጊዜ ሄደ ማለት ነው።

248 በራሱ ወንዝ የሚገድል ቁጥር አይደለም። ብዙ የትራውት ወንዝ ከዚያ ባነሰ ውሃ ይኖራል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። በግድቡ ፈቃድ ላይ የሚለቀቀው ውሃ በአንድ ቀን ከ10 በመቶ በላይ እንዳይለዋወጥ ተጽፏል። በዚህ ሕግ ብንሄድ ከ648 ወደ 248 ለመውረድ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ዓሣ ይንቀሳቀሳል። ዳር ዳሩን የነበረው ወደ መሃል ይገባል፣ ጥግ ላይ የተኛው ግልገል ጥልቁን ይፈልጋል። በአንድ ሌሊት ግን ምንም ማድረግ አይችልም። በተለይ በብርድ። ዓሣ ሰውነቱ እንደ ውሃው ስለሆነ ሲበርደው ይደነዝዛል። ትንንሹ ደግሞ በብርድ ጊዜ ቀን ቀን ጠጠር ሥር ይደበቃል። ውሃው ሲሸሽ ተደብቆ እንዳለ ይቀራል።

ነግቶ ሰው ወንዙ ዳር ሲወርድ ድንጋዩ ፈጥጧል። ዋናው ፈሳሽ ወደ መሃል ገብቶ ዳር ዳሩ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። በየኩሬው ዓሣ ይርመሰመሳል። ወሬው በስልክና በፌስቡክ ተዳረሰ። ዓሣ አጥማጆች፣ አስጎብኚዎች፣ የመንደሩ ሰዎች ባልዲ ይዘው መጡ። ዓሣውን እየቀዱ ወደ ዋናው ውሃ መለሱት። የግዛቲቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችም አብረው ነበሩ።

የባልዲው ሥራ ልብ ይነካል። ፎቶውም ያምራል። ግን በባልዲ የሚድነው የሚታየው ዓሣ ብቻ ነው። ትልቁ ኪሳራ ጠጠር ውስጥ የነበረው እንቁላል ነው፤ እሱን ማንም በባልዲ አይቀዳውም። አንዳንዱ ሰው በችኮላ እንቁላሉ ላይ ተራምዶ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንቁላል የት እንደተጣለ የሚያሳይ ምልክት ነው። ባልዲው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ለእንቁላሉ ያግዘዋል። ገና ያልተፈለፈለ የትራውት እንቁላል ጠጠሩ እርጥብ ከሆነ ከውሃ ውጭ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይኖራል። ከተፈለፈለ በኋላ ግን መተንፈሻ ስንጥቡ ውሃ ይፈልጋል፤ በሰዓታት ውስጥ ያልቅለታል። ስለዚህ ያው ብልሽት በፀደይ ቢደርስ ኖሮ የከፋ ይሆን ነበር። እርጥቡን እንቁላል የሚገድለው ውርጭ ነው። ውርጭ ምን እንደሚሠራ ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ባቄላውን ጥቁር የሚያደርገው ያው ነገር ነው። ወንዙ እንቁላሉን የሚያሞቀው ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ብቻ ነው። ውሃው ሲሸሽ ይህ ልብስ ተገፈፈ።

ኩባንያው ምትክ ዕቃውን በአስቸኳይ አሠርቶ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ በሩን ከፈተ። ለዚህ ሊመሰገን ይገባል። ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ውሃው የሚወጣበት በር ሲበላሽ ወዲያው የሚከፈት ሌላ መንገድ ለምን አልነበረም? ወንዙ በብዛት ሲጎድል ሰው የሚቀሰቅስ ደወልስ? ይኸው ግድብ እ.ኤ.አ. በ2008 በተቃራኒው ተበላሽቶ ውሃውን ከልክ በላይ ለቆት ያውቃል። አንድ ጊዜ ሲያጥለቀልቅ፣ አንድ ጊዜ ሲያደርቅ፣ ሁለቱም ጊዜ ነገሩ የተበላሸው በሩ ጋ ነው። የግድብ ፍተሻ ሲባል ሰው የሚያየው አፈሩንና ግንቡን ነው። በሩን ዘይት ለመቀባት ብቻ የሚሄድ ሠራተኛ ያለ ይመስለኛል፤ ደሞዙም ከሁሉ ያነሰ ሳይሆን አይቀርም።

ጉዳቱ ስንት እንደሆነ በዚያው ሳምንት መቁጠር አይቻልም። በ2014 ጠጠር ውስጥ የጠፋ እንቁላል የሚታየው ያ ትውልድ ለመያዝ በሚደርስበት ጊዜ ነው፤ ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ። በዚያ መካከል ድርቅ አለ፣ ሙቀት አለ፣ አጥማጅ አለ። ማን ምን እንደገደለ ለመለየት ከአደጋው በፊት የተቆጠረ ዓሣ መኖር አለበት። ማዲሰን ላይ በየዓመቱ ይቆጠራል። የኛዎቹን ወንዞች በየዓመቱ የሚቆጥር የለም።

«የኛ ወንዝ ለምዶታል»

አንድ የመስኖ ባለሙያ ወዳጄ ይህንን ስነግረው ሳቀ። «የኛ ወንዝ እኮ በነሐሴ ድንጋይ ያንከባልላል፣ በመጋቢት እግር አያርስም። ዓሣው ለምዶታል፤ ምን ትራውት ትራውት ትለኛለህ?» አለኝ። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። በሬሳም ሆነ ሞፈር ውሃ፣ ወደ ጀማ የሚወርዱት ሁሉ፣ በክረምትና በበጋ አንድ አይደሉም።

ግን ተፈጥሮ ወንዝን የምታጎድለው ቀስ ብላ ነው። ዝናቡ ከቆመ በኋላ መሬቱ ውስጥ የገባው ውሃ ለሳምንታት እየተንጠባጠበ ይወጣል። ዓሣው ያንን ተከትሎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የለመደው ይህንን ነው። በር ሲዘጋ የሚመጣውን ግን አልለመደውም።

ደግሞ የኛ ዓሣ የሚራባበትን ጊዜ አስቡ። ከጣና እንደምናውቀው እንደ ቢልጫ ያሉት ዓሦች በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ወቅቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። የመስኖ ግድብ በሩን ዘግቶ ለበጋ ውሃ የሚያጠራቅመው መቼ ነው? ክረምቱ ሊያበቃ ሲል። ይኸውም እንቁላሉና ግልገሉ ጠጠር ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ሞንታና ውስጥ በብልሽት የደረሰው ነገር እኛ ጋ በፕሮግራም ሊደርስ ይችላል። በሩ በአንድ ቀን ከሚዘጋ በአሥር ቀን ቢዘጋ የሚቀረው ውሃ ትንሽ ነው። ለዚህ ብር አያስፈልግም፤ በሩን የሚዘጋው ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲያዞር መንገር ነው። ወዳጄ እዚህ ላይ ሳቁን አቆመ፤ «እሱማ ይቻላል» አለ።

ቦቴው ቢገለበጥስ?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውሃ ብቻ ነው። አሁን በዚያው ሳምንት፣ ወንዙ ጎድሎ ሳለ፣ አንድ የነዳጅ ቦቴ ማዲሰን ዳር ቢገለበጥ ብላችሁ አስቡ። አልሆነም። ግን መንገዱ ከግድቡ በታች ወንዙን ተከትሎ ስለሚሄድ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ይህንን የማነሳው ግድብና ነዳጅ በአንድ ወንዝ ላይ ሲገናኙ ሁለት መፍትሔዎች እርስ በርስ ስለሚጣሉ ነው።

አንድ ቦቴ 40 ሺህ ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ቤንዚን ከሆነ ቶሎ ይተናል፤ ዋናው አደጋ እሳት ነው። ናፍጣ ግን ይቆያል። ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ ቀስተ ደመና የሚመስለውን ቀለም ያሳያል። ሐይቅ ላይ ቢሆን ከላይ ይገፈፋል። ድንጋይ ለድንጋይ የሚላተም የተራራ ወንዝ ግን እንደ ቅቤ መናጫ ይንጠዋል። ናፍጣው ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ከውሃው ጋር ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። እንቁላሉ ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ዘይት ካፈሰሰች በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ብዙ ነገር ታውቋል። በጣም ትንሽ የዘይት ቅሪት እንኳ የዓሣ ሽልን ልብ ያበላሻል። ዓሣው ላይሞት ይችላል። አድጎ ግን ደካማ ዋናተኛ ይሆናል።

እንግዲህ የበሩ ጠባቂ ምን ያድርግ? አንዱ «ውሃ ልቀቅና እጠበው» ይለዋል። ብዙ ውሃ ሲለቀቅ ነዳጁ ይቀጥናል፣ እውነት ነው። ከ7 ኪዩቢክ ሜትር ይልቅ 18 ውስጥ የገባ መርዝ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሳሳል። ግን ውሃው ሲፈጥን ይበልጥ ይናጣል፣ ርቆም ይሄዳል። የውሃው ከፍታ ሲጨምር ነዳጁ ዳር ያለው አፈርና ሣር ውስጥ ይገባል፤ ሲወርድ እዚያው ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል።

ሌላው ደግሞ «ቀንስለት፣ እንግፈፈው» ይላል። ነዳጅ ለማገድ ውሃ ላይ የሚዘረጋው ተንሳፋፊ አጥር የሚሠራው ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ላይ ነው። ወንዙን በቀጥታ አቋርጦ ከተዘረጋ ውሃው በሴኮንድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ነዳጁ በሥሩ ሾልኮ ያመልጣል። የተራራ ወንዝ ደግሞ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ መቀነስ ለአጥሩ ይመቻል። ለዓሣው ግን ያው የኅዳር 21 ነገር ይደገማል።

እኔ ብጠየቅ በሩ አይነካ እላለሁ። ቢያንስ እንቁላል ጠጠር ውስጥ ባለበት ወቅት። አጥሩን ወደ ውሃው ከመጎተት ውሃው ራሱ የሚዘገይበትን ሰፊ ቦታ ፈልጎ እዚያ መጠበቅ ይሻላል። በሰያፍ ቢዘረጋም ከመሃል ወደ ዳር ይገፋዋል። ትንንሽ ጅረት ከሆነ ደግሞ የአፈር ክትር ሠርቶ ቧንቧ ከሥር ማሳለፍ ይቻላል፤ ውሃው ከታች ያልፋል፣ ነዳጁ ከላይ ይቀራል። ይህንን ለመሥራት አካፋና ቧንቧ ይበቃል።

ጣርማ በር ላይ

የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ጫፉን ይይዛል። ከዚያ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ያ ጉብታ የሁለት ተፋሰስ ድንበር ነው። በምዕራብ በኩል የፈሰሰ ነገር ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ የፈሰሰ ወደ ሮቢ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። ጭጋጉን፣ ቁልቁለቱንና ጠመዝማዛውን የሚያውቅ ሁሉ ቦቴ ሲወርድ ፍሬን ሲሸት ሰምቷል።

እዚያ ቦቴ ቢገለበጥ መጀመሪያ የሚሆነውን እናውቀዋለን። ሰው ጄሪካን ይዞ ይሮጣል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አንድ ክብሪት ይበቃል። ቀጥሎ አንድ አሳቢ ሰው ኦሞ አምጥቶ መንገዱን ሊያጥብ ይነሳል። ሳሙና ደግሞ ነዳጁን ይበልጥ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል፣ ለዓሣም የባሰ ነው። የሚያስፈልገው ደረቅ ነገር ነው። ገለባ ነዳጅ ይመጥጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ላይ የፈሰሰውን ዘይት ከባሕር ዳርቻ የሰበሰቡት በገለባ ነው። እኛ ጋ የገብስና የጤፍ ገለባ በየአውድማው ተከምሯል። መንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውስጥ ነዳጁ ወንዝ ሳይገባ ገለባ መበተንና ቦዩን በአፈር መዝጋት፣ ወንዝ ከገባ በኋላ ከሚደረገው ሁሉ ይበልጣል።

ከገባ ግን ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከሮቢ ውሃ በፓምፕ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ከጣርማ በር እስከዚያ በመንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውሃ በአሥር ሰዓት ውስጥ 36 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከዚያ ይፈጥናል። ጠዋት የተገለበጠ ቦቴ ሲመሽ እርሻው ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ከተደወለ በኋላ ቀጣዩ ስልክ «ፓምፕ አጥፉ» የሚል መሆን አለበት። በየቀበሌው ፓምፕ ያለውን ሰው ስልክ የሚያውቀው የውሃ ተጠቃሚ ማኅበሩ ነው። ዝርዝሩ ደብረ ሲና ላይ ባለው ትራፊክ ፖሊስ እጅ ቢኖር፣ ወጪው አንድ ወረቀትና የፎቶ ኮፒ ሂሳብ ነው።